መልሳ የበራችው ኩራዝ

እኔ የጥላና የመንፈስ ወሬ ሲጀመር ተቆጥቼ የምነሣ ሴት ነበርኩ፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን ባቋርጥም ይህን ያህል ሞኝ አይደለሁም እል ነበር፣ እመኑኝ፣ አሁንም ይህን የማወራችሁ እየተናደድኩ ነው።

ያን ጊዜ ቡታጅራ ውስጥ በእኛ ሰፈር ኩራዝ ማለት ከጣሳ የተቆረጠ፣ ታቹ ጠባብ፣ ላዩ ከባድ፣ ድመት ስታልፍ ከነካችው የሚወድቅ ነገር ነበር። የጎረቤቴ የዘይነባ ልጅ ኩራዝ ተደፍቶበት እግሩ ሲቃጠል ሰው ሁሉ «ዕድሉ ነው» እያለ አልፎ ሄደ። ምን ዕድል አለው! የኩራዙ ታች መጥበቡ ነው እንጂ! የእኔ ውድነሽ ገና አራት ዓመቷ ነው፣ እጇ ደግሞ አያርፍም፣ ከፍርሃቴ የተነሣ ኩራዙን በአንድ እጄ ይዤ ነበር እራት የምበላው።

ሌላዋ ሴት ጌጥ ሲያምራት እኔን የሚያምረኝ ደህና ተደርጎ የተሠራ ዕቃ ነው፣ ክዳኑ ልክክ የሚል ድስት ሳይ ልቤ ይሞላል። እናም ልብስ ሳጥብ በሐሳቤ አንዲት ኩራዝ መሥራት ጀመርኩ፣ ታቿ እንደ ሳህን የሰፋ፣ ጎኗ ላይ ትንሽ ክዳን ያላት፣ ዘንበል ስትል ክዳኑ ክሩ ላይ ወድቆ የሚያጠፋት። ቆርቆሮ ሠሪው ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ሄጄ መሬት ላይ በእንጨት ሣልኩለት።

«የውድነሽ እናት፣ ሰው የሚበራ ያዘኛል፣ አንቺ የሚጠፋ ትያለሽ?» ብሎ ገበያውን አሳቀብኝ።

«አንተ ልጅ የለህም?» አልኩት።

ሳቁን ትቶ ሠራት። እንዴት ያለች ኩራዝ መሰለቻችሁ! ጠርዟ እጅ እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ እጀታዋ ለሦስት ጣቴ ልክ ነው፣ ዘንበል ሳደርጋት ጠቅ ብላ ትጠፋለች። ቀኑን ሙሉ ሳጠፋና ሳበራ ዋልኩ።

ባሌ በርበሬ ሊገዛ ቆሼ ገበያ ሄዶ ነበር። ሲመሽ ኩራዟን ሳጥኑ ላይ አበራሁና ልጄን አልጋ ላይ አስቀምጬ፣ በሩን ከውጭ ቆልፌ፣ ጓሮ የታሰረችውን ላም ላስገባ ወጣሁ። ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ በበሩ ስንጥቅ ይታይ የነበረው ብርሃንም ጠፋ። ሠራች ብዬ ደስ አለኝ እንጂ አልፈራሁም። በሩ ጋ ሳልደርስ ግን ብርሃኑ ተመለሰ።

ከፍቼ ገባሁ። ኩራዟ ሳጥኑ ላይ ቀጥ ብላ ቆማ ትበራለች፣ ወለሉ ላይ ያለው ምንጣፍ ግን በጋዝ ርሷል።

«ማን አበራት?»

«ጣልኳት፣ ሰውዬው አነሣት» አለች ውድነሽ።

«የቱ ሰውዬ?»

«ያ ነዋ» ብላ ባዶውን ግድግዳ አሳየችኝ፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። ወገቤን ዳሰስኩ፣ ክብሪቱ መቀነቴ ላይ እንደተቋጠረ ነው፣ ቤት ውስጥ ሌላ ክብሪት የለም።

ጠዋት ነገሩን ብነግራት ዘይነባ «ወላሂ ጣያት!» አለችኝ። ደሜ ፈላ። «የልጅሽን እግር የጠበሰው ኩራዝ እስከ ዛሬ ቤትሽ ተቀምጦ የእኔዋ ትጣል?» ብያት ኩራዟን ይዤ ጋሽ ሸምሱ ዘንድ ሄጄ ጮኽኩበት። ገልብጦ አያት፣ ክዳኗን ነካ ነካ አደረገ።

«እኔ እንድትጠፋ ነው የሠራኋት፣ መልሳ እንድትበራ አልሠራኋትም» አለ፣ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። በእጁም አልመለሰልኝም፣ መሬት ላይ አስቀምጦልኝ ፊቱን አዞረ።

እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው፣ ያን ሰውዬ ማን ለመነው? ደግ ከሆነ እንደ ሰው በር አያንኳኳም? ልጅ ብቻዋን ያለችበት፣ የተቆለፈ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?

በዚያው ምሽት ጋዟን ደፍቼ ሳጥን ውስጥ ከተትኳትና ቤቱን አጨለምኩት። ውድነሽ ግን እንቅልፍ እምቢ አላት።

«እማ፣ ኩራዟን አብሪያት።»

«ለምን?»

«ሰውዬው አይታየውም፣ አልጋውን እየዳበሰ ነው።»

ተነሥቼ አበራኋት። እስከ ዛሬም ሲመሽ አበራታለሁ፣ እየተሳደብኩ።