ረቡዕ ያልተደወለው ደወል

ፕሮፌሰር ሞርተን ዴንቢ ከምድር ቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል በእግሩ ተጎትቶ ሲወጣ ፊቱ ላይ የስቃይ ምልክት አልነበረም። ለመናገር አፉን ከፍቶ ቃሉ የጠፋበት ሰው ይመስል ነበር። ትንፋሹን ቋጥሮ ገብቶ የጎተተው የሥራ ባልደረባው ዶክተር ኢምሪስ ፓውል ነው። እሱም ኮሪደሩ ላይ ተዘርሮ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቅ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ ደም የለም፣ ጭስ የለም፣ ሽታም የለም። ሰውን ሁሉ ያራደው ይኸው ነው። ጩቤ የያዘ ገዳይ ቢመጣ ይሸሹታል። ከአየር ወዴት ይሸሻሉ?

በዚያ ክፍል የዱር አበባ ዘር በብርድ ተኝቶ ይቆያል። የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ናይትሮጅን ከታንኩ ከወጣ ተኖ ክፍሉን ይሞላል፣ ደጉን አየር ገፍቶ ያስወጣል። ሳያውቅ የገባ ሰው ሁለት ጊዜ ተንፍሶ ይወድቃል፤ መታፈኑ እንኳ አይታወቀውም። ያን ረቡዕ ጠዋት የታንኩን ቫልቭ አንድ እጅ ከፍቶት ነበር።

ታርንሾ ዩኒቨርሲቲ ዛሬ ኮረብታው ላይ የመስታወት ሕንፃ ገትሮ ቢኮራም፣ አባቱ ቦዩ ዳር ያለው ቀይ የጡብ ቤት ነው። መጀመሪያ ለጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች የማታ ትምህርት ቤት ነበር። ኋላ የመምህራን ማሠልጠኛ ተባለ፣ ቀጥሎ ቴክኒክ ኮሌጅ፣ በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲ። ስሙ ሲቀያየር ቱቦው ያው ነው። አሁን ሁሉም ወደ ኮረብታው እየተጓዘ ጡቡ ቤት ባዶ ሊሆን ተቃርቧል። በባዶ ቤት ደግሞ የሰው ኮቴ ሁሉ ያስደነግጣል።

ኢንስፔክተር ግሌንዳ ሶውደን ከዝናብ ስትገባ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። አጭር ናት፤ ዓይኗ ግን አጭር አይደለም። በመጀመሪያ ያስጠራችው ታንኮቹን የምትጠብቀውን ቴክኒሻን ኖሪን ቤልሾን ነው። ፖሊስ ሁሉ ጣቱን የቀሰረው በእሷ ላይ ነበር፤ የክፍሉን ቁልፍ የምትይዘው፣ ቫልቩን የምትዘጋው እሷ ናትና።

«ዘግቼዋለሁ! እናቴ ትሙት ዘግቼዋለሁ!»

«እናትሽ በሕይወት አሉ?»

«ሞተዋል።»

«እንግዲያው ሌላ መሐላ ፈልጊ፣ እህቴ። ቁልፉስ?»

«የሻይ ክፍሉ በር ኋላ ይሰቀላል። ሁሉም ያውቀዋል።»

«አየር ሲያንስ የሚጮኽ መሣሪያ አላችሁ አሉ።»

«ጯሂው። ባለፈው ገና ሰሞን ነው የተተከለው። ማጥፊያው ኮሪደሩ ላይ፣ ከተሰቀሉት ነጭ ካፖርቶች ኋላ ነው። ከአደጋው በኋላ ሳየው ጠፍቶ ነበር።»

«ያን ጠዋት ጩኸት ሰማሽ?»

«የረቡዕን ደወል ብቻ። ከምድር ቤቱ ደረጃ አናት፣ ሻይ ክፍል ነበርኩ። አልተነሳሁም፤ ረቡዕ ማን ይነሳል?» ሲኒዋን ገፋ አደረገችው። «ያስሩኛል፣ አይደል?»

እዚያ ቤት ረቡዕ ረቡዕ ጠዋት የእሳት አደጋ ደወል ለሙከራ ይደወላል። የታርንሾ ሰው ያን ሰዓት ጣራው በእሳት ቢጋይ ሻዩን ሳይጨርስ ንቅንቅ አይልም።

ኢምሪስ ፓውልን ያገኘችው ከላይኛው ፎቅ፣ የሟቹ ክፍል ውስጥ ነው። የዌልስ ሰው ነው፤ ሲፈራ ወሬ ያበዛል።

«ደወሉ እንደ ወትሮው ጮኸ። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር፣ ቀናም አላልኩ። ሞርተን ረቡዕ ረቡዕ ከደወሉ በኋላ ታንኮቹን ሊያይ ይወርዳል። ለሻይ ሲዘገይ ልጠራው ሄድኩ፣ ከዚያማ...»

«ይጠሉት ነበር?»

«ሞርተንን? በራግቢ ኳስ ጨዋታ የዌልስን ቡድን ሲሳደብ ልገድለው ያምረኝ ነበር፣ ኢንስፔክተር። ግን ጨዋታው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፤ እሱ የሞተው ረቡዕ።» ሊስቅ ሞከረ፣ ከንፈሩ እምቢ አለው።

መስኮቱ ሥር አፈር የተሞሉ ሳህኖች ተደርድረዋል። አፈሩ ርጥብ ነው። አንዲት ቅጠል አልወጣችበትም።

«ይሄስ?»

ኢምሪስ በሩን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሠላሳ ዓመት በብርድ ተኝቶ በቀለ የተባለው ዘር ነው። ለዩኒቨርሲቲው ስም ያወጣለት ምርምር። ሦስታችን፣ እኔ፣ ኖሪንና ዲኑ ጀራልድ፣ እንጀራ የበላነው በእሱ ነው። ሞርተን ለማረጋገጥ እንደገና ዘራው።»

«ታዲያ የታለ ቡቃያው?»

«አዩት እኮ። ‹ያኔ ከመካከላችሁ አንዱ አሮጌውን በሌላ ትኩስ ዘር ለውጦታል፤ እስከ ምረቃው ቀን ራሱ ይናገር፣ ካልተናገረ እኔ እናገራለሁ› ብሎን ነበር። ኢንስፔክተር፣ እኔ ዛሬ እዚህ ቤት ውኃ እንኳ ለመጠጣት እፈራለሁ።»

ዲኑ ዶክተር ጀራልድ አስክዊዝ ግን የፈራ አይመስልም። የተማረ ሰው ፍርሃቱን እንደ ክራቫት አስተካክሎ ያስረዋል።

«ምስኪን ኖሪን» አለ ወንበር እየሳበላት። «ሴትዮዋ ደክማለች። ረስታ ከፍታው ይሆናል። እባክዎ አይጨክኑባት።»

«ደወሉ ሲደወል እርስዎ የት ነበሩ?»

«የምን ደወል? ያን ዕለት አልተደወለም እኮ። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ ቢሮ አልወጣሁም። ምድር ቤቱንማ ከረገጥኩት ዓመት አልፎኛል።»

«ሁለቱም ሰማን ይላሉ።»

«እንግዲያስ ሁለቱም ይዋሻሉ ማለት ነው።»

ግሌንዳ በቀጥታ ወደ ቤቱ ጠባቂ ወደ ክሊፎርድ ሄደች።

«ዲኑ ልክ ናቸው፣ እመቤቴ» አለ ክሊፎርድ። «የኮረብታው አዳራሽ ጣራው አፈሰሰና ፈተናውን በማለዳ እዚህ አመጡብን። ልጆች ሲፈተኑ ደወል አይደወልም። ተውኩት።»

«ለማን ተናገርክ?»

«ለማንም። ማን ጠየቀኝ?»

አለቃዋ ይህን ሰምቶ ስልክ ደወለና «ቴክኒሻኗ ስለ ደወሉ ዋሽታለች፤ ይዘሽ ነይ» አላት። ግሌንዳ «እሺ» ብላ ዘጋችው። ከዚያ ለክሊፎርድ በጆሮው አንድ ነገር አንሾካሾከችለትና ሦስቱን ሰዎች ምድር ቤት አስወረደቻቸው።

ቀዝቃዛው ክፍል ፊት ለፊት፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ነጮቹ ካፖርቶች ግድግዳው ላይ ተሰቅለው አንገት የሌላቸው ሰዎች ይመስላሉ። ኖሪን ከሁሉም ርቃ ደረጃው ሥር ተቀመጠች። ኢምሪስ በአፍንጫው ሳይሆን በአፉ፣ ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ አየሩን አላመነውም።

«ፕሮፌሰሩ ሲገባ ክፍሉ አስቀድሞ ተሞልቶ ነበር» አለች ግሌንዳ። «ጯሂው ቢጮኽ አይገባም ነበር። ስለዚህ ገዳዩ ቫልቩን ከፈተ፣ ጯሂው ሲነሳ አጠፋው። ግን እስኪያጠፋው የሚሰማውን ጩኸት በምን ይሸፍን? በረቡዕ ደወል። ሁላችሁም የማትነሱለት ደወል!»

«ግን አልተደወለም አልኩዎት» አለ አስክዊዝ።

«አልተደወለም። ኖሪን የሰማችው ጯሂውን ነው።»

ኖሪን አፏን በእጇ ያዘች። «ሰምቼው ነው ሻይ የጠጣሁት?»

«አዎ፣ እህቴ። ጥፋትሽ እሱ ብቻ ነው፤ የቤታችሁ ሁሉ ጥፋት ነው። ቫልቩን የከፈተ ሰው ጯሂውን ‹ደወል› ብሎ አይነግረኝም። ዶክተር ፓውል ደግሞ ከላይኛው ፎቅ ምንም አልሰሙም። ረቡዕ ስለሆነ የሰሙ መሰላቸው። ዓመታት የኖረበት ሰው ደወሉን አይሰማም፣ መቅረቱንም አያውቅም። አለመደወሉን የሚያውቅ ጆሮውን አቁሞ የጠበቀው ሰው ብቻ ነው። ለምን ይጠብቁት ነበር፣ ዶክተር አስክዊዝ?»

ዲኑ ፈገግ አለ። «እውነት የተናገርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ ገዳዩ እኔ ነኝ? በዚህ ሰው ይታሰራል?»

«አይታሰርም» አለች።

ያን ጊዜ ከቀዝቃዛው ክፍል ጩኸት ፈነዳ። ጆሮ የሚበሳ ነው፤ ጡቡ ራሱ የጮኸ ይመስል ነበር። ኢምሪስ ወደ ደረጃው ሮጠ። ኖሪን ጆሮዋን ይዛ ተኮማተረች። አስክዊዝ ፊቱ ነጣ፣ ወደ ግድግዳው ተወረወረ፣ እጁን ከነጮቹ ካፖርቶች ሥር ሰደደ፤ ማጥፊያውን ሳያይ፣ ሳይዳብስ።

ጩኸቱ ቀጥ አለ።

ክሊፎርድ ከክፍሉ ወጣ፤ የመሣሪያውን መሞከሪያ ተጭኖ ነበር እንጂ ታንኩን አልነካውም። አስክዊዝ እጁ ገና ማጥፊያው ላይ ነው።

«ባለፈው ገና ሰሞን የተተከለ ነው» አለች ግሌንዳ በለሆሳስ። «ምድር ቤቱን ከረገጥክ ዓመት አልፎሃል። የት እንዳለ ማን ነገረህ?»

«አንተ» መባሉን እንኳ ልብ አላለም። ቀስ ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

«አንድ ሳህን ነው የለወጥኩት» አለ። «አንድ ቡቃያ ከታየ ቤቱ አይዘጋም ብዬ... ሞርተን ሊያዋርደኝ ነበር።»

«ኖሪንንስ ለምን ወነጀልክ?»

ኖሪንን ቀና ብሎ አላያትም።

በሚቀጥለው ረቡዕ ጠዋት ክሊፎርድ ደወሉን ደወለ። በሻይ ክፍሉ ሲኒ ያነሳ ሁሉ እንዳነሳ ቆመ። ኖሪን ቤልሾ ሻይዋን አስቀመጠች፣ ካፖርቷን ለበሰች፣ ማንንም ሳትጠራ ወደ ሣሩ ሜዳ ወጣች። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ኢምሪስ ተከተላት፣ ከዚያ ሌሎቹ፣ አንድ በአንድ፣ ሻያቸውን ትኩስ ትተው። ማንም አልቀለደም። ደወሉ ካቆመ በኋላም ጡቡን ቤት እያዩ፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ዝናቡ ውስጥ ቆመው ቆዩ።