ሐኪም ቤት የማታለቅሰው ልጅ

እኔ የልጆች ጥርስ ሐኪም ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ «ደስ ይላል!» ይለኛል። ምኑ ነው ደስ የሚለው? ከጠዋት እስከ ማታ የሚለቀስብኝ ሰው ነኝ። የሚነክሱኝ አሉ፣ የሚተፉብኝ አሉ። አንዱማ በጫማው ሆዴን ብሎኝ ስንት ቀን ሙሉ ጎንበስ ማለት አቅቶኝ ነበር።

ስለዚህ ያቺ ልጅ ሳትጠራ በሩን በርግዳ እየሮጠች ስትገባ ክው ብዬ ቀረሁ። ቢበዛ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሰላም እንኳ አላለችኝም። ከወንበሩ ሥር አየች፣ መጋረጃውን ገለጠች፣ ከዚያ የመድኃኒት ቁም ሣጥኔን ከፍታ ወደ ውስጥ አንገቷን አሰገገች።

«ምን ጠፍቶሽ ነው የኔ ቆንጆ?»

«ምንም» አለችኝ ቁም ሣጥኑን እየዘጋች።

አባቷ ከኋላዋ እያለከለከ ደረሰ። «ሚጣ! ይቅርታ ዶክተር፣ አምልጣኝ ነው...» ብሎ ሊይዛት ሲንደረደር ግንባሩን ከወንበሩ በላይ ከተንጠለጠለው መብራት ጋር አጋጨው። ድምፁ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። ልጅቷ ሳቀች። እኔም መሳቅ እንደሌለብኝ እያወቅሁ ሳቅሁ። እሱ ግንባሩን እያሸ ቀና ሲል ዐይን ለዐይን ተገጣጠምን... በቃ። ሌላ ምን ልበላችሁ? ልቤ ድንግጥ አለ።

ሚጣ ወንበሩ ላይ ወጥታ አፏን በሰፊው ከፈተች። ሁለት የመንጋጋ ጥርሶቿ ተበልተዋል።

«ጎበዝ! እንዳንቺ ያለ ጀግና የት ይገኛል? ጥርስሽን የሚቦርሽልሽ ማነው? እማዬ ናት?»

«አባዬ ነው። እማዬ ሐኪም ቤት ናት።»

አባቷ አንገቱን ደፋ። ሚስቱ ታማ ተኝታለች ማለት ነው ብዬ ወደ ጥርሷ ተመለስኩ። ሐኪም አይደለሁ? እንዲህ ያለው ነገር ቶሎ ይገባኛል!

ከዚያ በኋላ ይመላለሱ ጀመር። አንዴ ለጥርሷ፣ አንዴ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ላለችው ሲስተር ለክትባት፣ አንዴ ለክብደትና ለዐይን ምርመራ። ሚጣ መርፌ ስትወጋ እንኳ አታለቅስም። ሌሎች ልጆች እየተጎተቱ ሲገቡ እሷ አባቷን እየጎተተች ነበር የምትገባው። ያገኘችውን በር ሁሉ ትከፍታለች። «ይቺ ልጅ ስታድግ ተቆጣጣሪ ነው የምትሆነው» እያልኩ ስስቅ፣ ሲስተር ግን አትስቅም ነበር። ልብ አላልኩትም።

አባቷ ሶፋ ሠሪ ነው። የመመርመሪያ ወንበሬ ቆዳ መቀደዱን አይቶ «እኔ እያለሁማ ይሄ ነውር ነው ዶክተር!» አለና፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መርፌና ክሩን ይዞ ብቻውን መጣ። እሱ ይሰፋል፣ እኔ ክር አቀብላለሁ።

«ሚጣ እዚህ መምጣት እንዴት እንደምትወድ...» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

«እንደሷ ያለ ልጅ ስጠኝ ብዬ እግዜርን ብለምንም አላገኝ። እኔ እንደሆንኩ አገሩን ሁሉ ነው የማስለቅሰው።»

ሳቀ። ሲስቅ ቶሎ ነው የሚያቆመው፣ የሰው ዕቃ የነካ ይመስል። ያ ነገሩ አንጀቴን ይበላው ነበር። ራሴን ግን እቆጣለሁ። አንቺ ሴትዮ፣ አታፍሪም? ሚስቱ አልጋ ላይ ናት!

ሥራውን ጨርሶ መቀሱን ሲሰበስብ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዶክተር... አንድ ቀን ሻይ ብጋብዝሽ ቅር ይልሻል?»

ደሜ ፈላ። የተናደድኩት በእሱ ብቻ አልነበረም፤ እሺ ልል ምንም ባልቀረኝ በራሴም ነው።

«ሚስትህ ሐኪም ቤት ተኝታ አንተ ሻይ ትጋብዛለህ? ምን ዓይነት ሰው ነህ!»

ፊቱ ዐመድ መሰለ። ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

በቀጠሯቸው ቀን አልመጡም። በሚቀጥለውም ቀሩ። ሲያስጨንቀኝ ጊዜ ሲስተር ጋ ገብቼ የተባባልነውን ሁሉ አጫወትኳት። የያዘችውን ጥጥ አስቀመጠች።

«ምን አልሺው?!»

«ታዲያ ምን ልበለው፣ ሚስቱ ታማ...»

«የምን መታመም! ሞታለች እኮ! ለክትባት ሲመጡ አባቷ ነግሮኛል። ሚጣ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሐኪም ቤት እንደገባች በዚያው ቀረች። አያትየው ለልጅቷ እናትሽ ሐኪም ቤት ናት አሏት፣ ይኸው እስከ ዛሬ...»

ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! ቁም ሣጥኑ፣ መጋረጃው፣ እነዚያ ሁሉ በሮች... ለካ እናቷን ፍለጋ ነበር የምትመጣው። መርፌውን ዝም ብላ የምትወጋው እናቷ ያለችበት ቤት ስለመሰላት ነው። እኔ ደግሞ ጀግና እያልኩ አጨበጭብላት ነበር። በሬን ዘግቼ አለቀስኩ።

ከሥራ እንደወጣሁ መሥሪያ ቦታው ሄድኩ። አንድ እግሩ ያልተገጠመለት ሶፋ ላይ ስፖንጅ እየለካ አገኘሁት።

«ይቅር በለኝ» አልኩት።

«አንቺ ምን አጠፋሽ? እኔ ነኝ መናገር ያቃተኝ።» ስፖንጁን እንደያዘ ቆመ። «እናቴ ያን ቀን ልጅቷ አላስቆም አላስቀምጥ ስትላት አፏ ላይ የመጣላትን አለቻት። እኔም ነገ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል... ቀጠሮ ሲደርስ እኮ ቀሚስ መርጣ ነው የምትለብሰው! እማዬ ታየኛለች ብላ። በምን አፌ ልንገራት?»

«እወድሃለሁ» አልኩት። እንዲህ ብዬ የምናገር ሰው አልነበርኩም፤ አመለጠኝ። «ግን እናቷን በምትፈልግበት ቤት ውስጥ ነጭ ጋውን ለብሼ እየሳቅሁ ልቀበላት አልችልም። ንገራት።»

«ከነገርኳት ሐኪም ቤትን ትጠላለች። አንቺንም ትጠላሻለች።»

«ትጥላኝ።»

«እሷ ከጠላችሽ እኔና አንቺ አንሆንም። ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ» አልኩት። «ንገራት።»

ነገራት። እንዴት እንደነገራት እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

የቀረውን ጥርስ ለማስሞላት ያመጣት ቀን፣ ጩኸቷን ክፍሌ ድረስ ሰማሁት። የግቢውን በር ብረት በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ይዛለች። «አልገባም! ውሸታሞች! ሁላችሁም ውሸታሞች!» ያቺ የማታለቅሰው ልጅ... ጋውኔን አውልቄ ወጣሁና አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«አንቺ ሐኪም አይደለሽ? ለምን አላዳንሻትም?» አለችኝ።

«እኔ የማውቀው ጥርስ ብቻ ነው የኔ እናት። ሌሎቹ ሐኪሞች ሞክረው ነበር። አቃታቸው።»

«እኔ ስፈልጋት ትሰማኝ ነበር?»

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር! አባቷን አየሁት። ፊቱን አዙሯል።

«አትሰማሽም ነበር ሚጣ። እዚህ አልነበረችም።»

«ትታኝ ነው የሄደችው?»

«በፍጹም! ብትችል ኖሮ ካንቺ ተለይታ የትም አትሄድም ነበር።»

ብረቱን ለቀቀች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ከዚያ ጉልበቴ ላይ ተደፍታ ያን ሁሉ ጊዜ የያዘችውን ልቅሶ አለቀሰችው። አባቷም መጥቶ አጠገባችን ቁጭ አለ። ሰዎች በጎናችን እየዞሩ ይገቡ ነበር። ጥርሷን ያን ቀን አልሞላሁም።

ወዲያው ወደደችኝ ብዬ አልዋሻችሁም። ለረጅም ጊዜ አኮረፈችኝ። እኔ ጠበቅሁ፤ እሱም ጠበቀ። አንድ ቀን እየቀፈፋት መጣችና «ያማል?» ስትለኝ «ትንሽ ያማል» አልኳት። ትክ ብላ አይታኝ «አንቺ አትዋሺም» አለች፣ አፏንም ከፈተች። ነገራችን የለዘበው ከዚያ ወዲህ ነው።

ተጋባን። ቤት ውስጥ ግን እስከ ዛሬ «ዶክተር» ነው የምትለኝ። «ዶክተር፣ ካልሲዬ የት ነው?» ስትል ጎረቤት ይስቃል። እማዬ በይኝ ብያት አላውቅም። ያ ስም ባለቤት አለው።

ባለፈው ሰሞን የመጀመሪያ ጥርሷ ተነቃነቀ። ሳሎን አስቀምጬ በጥጥ ይዤ ነቀልኩላት። አላመማትም። መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛው ቀረበች።

«እማዬ ብታየው...» አለች።

«እኔም ብታየው ደስ ይለኝ ነበር» አልኳት።

እናቷ ብትኖር ኖሮ እኔ በዚህ ቤት አልኖርም ነበር። ባሌ ባሌ አይሆንም፣ ሚጣም ጉልበቴ ላይ አትቀመጥም ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ያልኩት ከልቤ ነው። አቀፍኳትና አብረን አለቀስን።