ስድስት ጠብታ

«ከድብርቱ መድኃኒት ሌላ የወሰደችው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀች ዶክተሯ።

«ኧረ ምንም የለም!» አለ አባት። «በእጄ ነው የምሰጣት። ጠዋት አንድ ፍሬ፣ በቃ።»

ወሬዋ ስለማያልቅ ቤት ውስጥ «ሬዲዮ» የሚሏት የአሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ዛሬ ድምፅዋ ጠፍቷል። ቀኝ እጇን ከሹራቧ ኪስ አላወጣችም። አልጋው ላይ ታላቅ እህቷ ላብ አጥምቋት ትንቀጠቀጣለች፣ ትቃዣለች። ፈተና ክፍል በር ላይ ነው የወደቀችው። ስንት ወር የተጨነቀችበት ፈተና!

አባት ላቦራቶሪ ውስጥ ሃያ ዓመት ናሙና በሰማያዊ ቀለም ሲነክር የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ድካም ጣለው፤ ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋ ላይ ይወድቅ ነበር። ሐኪሙ ያንኑ ሰማያዊ ቀለም፣ ለሰው መድኃኒትነት ተብሎ የተዘጋጀውን፣ አዘዘለት። «ለድካም ተብሎ የተፈቀደ አይደለም» አለው፤ «ግን ለሰውነት ጉልበት ይሰጣል የሚሉ አሉ። ሁለት ጠብታ ብቻ፣ እየተመረመርክ።» አባትም እውነትም ነቃ። «ሽንቴ አረንጓዴ ሆነ እንጂ እኔስ ጎርምሻለሁ!» እያለ ያስቃቸው ጀመር።

የሬዲዮ እህት ግን አንዱን የመጽሐፍ ገጽ ገልጣ ሰዓት ሙሉ ታፈጥ ነበር። «ጭንቅላቴ ጭጋግ ሆነብኝ፣ ሬዲዮዬ» ብላ ትናንት ስታለቅስ የታናሿን አንጀት በላችው። ዛሬ ማለዳ ሬዲዮ የአባቷን ብልቃጥ አነሳች። ሁለት ጠብታ አባዬን ካነቃው ስድስት እሷን ያበራታል ብላ፣ ቀለሙ እንዳይታይ የወይን ጭማቂ ውስጥ ጨመረችላት። ሲንጠባጠብ ጣቶቿን ነካት። በሳሙና ብትፈትገው፣ በሎሚ ብትፈትገው፣ ወይ ፍንክች!

«እስቲ ደህና አድርጋችሁ አስቡ» አለች ዶክተሯ። «ከዚህ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ መርዝ የሚሆን ነገር አለ። ምን እንደሆነ ካላወቅን በጭፍን ነው የምናክማት። ጊዜም የለንም።»

ሬዲዮ ጣቶቿን ኪሷ ውስጥ ጨበጠች። ብርጭቆው ታጥቧል፤ ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ብትናገር ደግሞ አባዬ ዳግመኛ በደህና ዓይን አያያትም። በጣም ፈራች።

«ሬዲዮ የለችም እንዴ?» አለች እህቷ ዓይኗን ሳትገልጥ። «ድምፅዋ አይሰማኝም...»

ልጅቷ እጇን ከኪሷ አውጥታ ዶክተሯ ፊት ዘረጋችው።

አባት ሰማያዊ የሆኑትን ጣቶቿን አየ። የራሱን ጣቶች ሃያ ዓመት ላየ ሰው ስለዚያ ቀለም ማን ይነግረዋል? ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

«ስንት?» አላት፣ ድምፁ ተሰብሮ።

«ስድስት፣ አባዬ።»