ወደ ሐይቋ መንደር

«ኧረ እንዴት ተደርጎ! አታስቸግሩ በያቸው» አለች ጽጌ፣ ከዌርሃውስ ሥራዋ ወደ ቤት እንደገባች ጃኬቷን እንኳ ሳታወልቅ።

ልጇ ሩሃማ በቪዲዮ ጥሪው መሀል ደነገጠች። ላፕቶፑ ላይ የምትታየው ብሪጂድ የኒቭ እናት ናት። ኒቭ ደግሞ ትምህርት ቤቷ በኮቪድ ጊዜ በቪዲዮ ያስተዋወቃት የአየርላንድ ጓደኛዋ ናት። ሁለቱ ወሬ አያልቅባቸውም። የኒቭ መንደር ሐይቅ ዳር ናት፤ አንድ ሱቅ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቁጥሩ ከሰው የሚበልጥ በግ። አሁን ብሪጂድ «ለሰመር ዕረፍት እኛ ጋ ትምጣ» ብላለች፤ የቲኬቱን ወጪ ትምህርት ቤቱ ይችላል።

ሩሃማ የእናቷን አይ ታውቀዋለች። ሲጋበዙ መጀመሪያ አይ ይባላል፣ ከዚያ እስኪለመኑ ይጠበቃል። ችግሩ እዚያው ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪዋ ሚስተር ዴቪስ ነው። እሱ አይ ካሉት አይ ነው፤ ቦታውን ለሌላ ልጅ ይሰጠዋል።

«እሺ ብላለች» ብላ ብትተረጉምስ? ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ክሊኒክም ሆነ የአፓርታማው ኪራይ ቢሮ የእናቷ አፍ እሷ ናት፤ አንድም ቀን ቃሏን ለውጣ አታውቅም።

«እንዳላስቸግራችሁ ብላ ነው፤ አይሆንም አለች» አለች እየመረራት።

«ኦኬ፣ ይገባናል» አለ ሚስተር ዴቪስ። «እንግዲህ ለሌላ ተማሪ...»

«ቆይ እስቲ» አለች ብሪጂድ። «ምን ማስቸገር አለው? አልጋ አለ፣ ድንች አለ። ትምጣ።»

ሩሃማ ዓይኗ ፈጠጠ። ይቺ ሴትዮ ይህን ከየት ተማረችው? እየተጣደፈች ተረጎመች።

«ኧረ ሸክም ትሆንባችኋለች» አለች ጽጌ፣ አሁን ግን ወንበር ስባ እየተቀመጠች።

ብሪጂድ ሳቀች። «እኛም አገር ቶሎ እሺ አይባልም። ጽጌ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ልለምንሽ።»

ሚስተር ዴቪስ ግራ ገብቶት አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን ያያል። ጽጌ ወደ ልጇ ዞረች።

«አንቺስ? ከእኔ ተለይተሽ አታውቂም። ሐይቅም አለ አሉ።»

የጨዋ ልጅ መልስ «እንዳልሽ» ነው። ሩሃማ እንዲህ ስትጠየቅ «አይ ዶንት ኖው» ብላ ነበር የምታልፈው። ዛሬ ግን እስክትለመን አልጠበቀችም።

«መሄድ እፈልጋለሁ እማዬ» አለች በአማርኛ። «በጣም ነው የምፈልገው።»

ጽጌ ትንሽ አየቻትና ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች።

«ሺ ካም» አለች በሰባራ እንግሊዝኛዋ፣ ትመጣለች ለማለት፣ አስተርጓሚ ሳትጠብቅ።