ተገርፎ የማያውቀው ፈረስ

ሦስት ጨረቃዎች በአንድ ማለዳ በዘንበራ ሰማይ ላይ በታዩ ዕለት፣ የኤላም ምንጭ ዝም አለ። ሺህ ዘመን ከዓለት ሥር ሲንዶለዶል የኖረው ውሃ፣ የሚናገረው እንደጠፋበት ሽማግሌ ጥቂት አጉረመረመና ቆመ። ጠባቂዎቹ ወርደው ሲያዩ በዓለቱ ግንባር ላይ የነበረው ሰማያዊ ድንጋይ፣ «የምንጩ ዓይን» የሚሉት፣ የለም። በቦታው የቀረው ቀዝቃዛ ጉም ብቻ ነበር። ሌባውን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገም። ጉም ለብሶ የሚሄድ ፍጡር ከጨው ሜዳው ማዶ አንድ ብቻ ይኖራል፤ እሱም ጉምባራ ነው።

ንጉሥ ኢልማር አርባ ፈረሰኞች ላከ። አርባዎቹም በእግራቸው ተመለሱ። ጉምባራ አንድ ጊዜ «ተንበርከኩ!» ብሎ ቢያገሳ፣ ፈረሶቹ ጌቶቻቸውን አራግፈው ተንበረከኩለት። በዘንበራ ፈረስ ሁሉ ሦስት ዓመት ሲሞላው በልጓም በዓል፣ ከበሮ እየተመታ፣ እስኪገዛ ድረስ በአለንጋ ይገረፋል። በአለንጋ ፍርሃት የሚታዘዝ ፈረስ ደግሞ ከአለንጋ የባሰ አስፈሪ ሲያገኝ ለዚያ ያድራል። ይህን ለመረዳት መኳንንቱ ሦስት ቀን ተሰበሰቡ፤ ሳይረዱትም ተበተኑ።

የዋሻዋ ነቢይት ግን እንዲህ አለች፦ «ዓይኑን የሚመልሰው ተገርፎ የማያውቅ ፈረስ ነው። እንደሄደ ሆኖ ግን አይመለስም።»

ከአሥራ ሁለት ሺህ ፈረስ ተፈልጎ አንድ ተገኘ፤ ያልተገረፉት ሌሎቹ ለመንገድ ያልጠኑ ውርንጭሎች ነበሩ። ፈላጊው ሹም ያገኘው ባርኔጣውን ሲበላበት ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ወር የቀረው ዳማ ፈረስ ነበር፤ ስሙም ቀበጥ።

ባለቤቱ ታልማ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። የተወለደችባት ሸሬና የመስኖው ቦይ የሚያልቅባት መንደር ናት፤ ውሃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ከእሷ ነው። ሰዎቿ እስከ ወሩ መጨረሻ ውሃ ካልመጣ ቤታቸውን ጥለው ሊሰደዱ ተማምለዋል። ታልማ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትመኘው ሌላም ነገር ነበራት። በዘንበራ ፈረሰኛ የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው፤ አባ መብረቅ፣ አባ ነጎድጓድ ይባላል። ሴት ከሆነች «እመ» ትባላለች። እስከዚያ ቀን ግን አንዲትም እመ አልነበረችም።

ሁለት ባልንጀሮች ተሰጧት፤ አንዱ ባልደራስ ዶርኔ፣ ዕድሜውን በጋጣ የፈጀ አዛውንት፣ ሌላው ከአርባዎቹ አንዱ የነበረው አባ መብረቅ። በስንብቱ ዕለት አባ መብረቅ ሰይፉን ወደ ሰማይ አነሣ።

«በአባቶቼ አጥንት፣ በዚህ ሰይፍ ስለትና በራስ ቁሬ ላይ ባለው የንስር ላባ እምላለሁ! የጉምባራን...»

ቀበጥ ላባውን ነቀለው። መሐላው እዚያው ቀረ።

መንገዱ ሰባት ቀን ነበር። ቀበጥ በትከሻው ይገፋል፤ እጅጌ ይነክሳል፤ ወንዝ መሃል ይተኛል። ደስ ያለው ቀን ደግሞ የታልማን ነጠላ ነጥቆ ይፈረጥጣል፤ ራቅ ብሎም ቆሞ «ነይ ያዢኝ» በሚል ዓይን ያያታል።

«አንድ ሁለት ብታቀምሺው ቀጥ ይላል» አለ አባ መብረቅ ከበቅሎው ላይ።

«እርስዎ መብረቅን ስንት አቀመሱት?»

«ኧረ ማን ቆጥሮት!»

«አሁን የት ነው ያለው?»

አባ መብረቅ የበቅሎውን ጆሮ መመርመር ጀመረ። መብረቅ ያለው ጉምባራ ዘንድ ነበር።

ባልደራስ ዶርኔ ሳቁን ዋጠ። «ልጄ፣ ይሄ ባለጌ እንዳይመስልሽ። ዕድሜው ነው። ‹ዛሬም ያው ነሽ ወይ?› እያለ ይጠይቅሻል። አንድ ቀን ስቀሽ፣ አንድ ቀን ተቆጥተሽ ከመለስሽለት ሲጠይቅሽ ይኖራል። አንቺ ብቻ ያው ሁኚ።»

ስለዚህ ሲገፋት ከደረቱ ፊት ቆማ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ታስኬደዋለች፤ ሦስት፤ አራትም አይደል፣ ሁለትም አይደል። ሲነጥቃት ጀርባዋን ሰጥታው መንገዷን ትቀጥላለች። በመጀመሪያው ቀን ነጠላዋን እስከ እኩለ ቀን ያዘው። በአራተኛው ቀን ታልማ ትዕግሥቷ አልቆ አሳደደችው፤ ግማሽ ቀን ሜዳ ለሜዳ ሲያሯሩጣት ዋለ። በስድስተኛው ቀን ግን አሥር እስክትቆጥር ድረስ ከኋላዋ ደርሶ፣ በምራቁ የራሰውን ነጠላ ትከሻዋ ላይ አኖረላት።

በሰባተኛው ቀን ረፋድ የጨው ሜዳው ላይ ደረሱ። ጉምባራ ከነጭ ኮረብታ ላይ እንደ ተራራ ጥላ ተቀምጧል፤ በግንባሩ የምንጩ ዓይን ያበራል። ዙሪያውን አርባ ፈረሶች ተንበርክከዋል።

«ተንበርከኩ!»

ጨው መሬቱ ተሰነጠቀ። በቅሎው ተንበረከከ። አባ መብረቅም ተንበረከከ።

«ጉልበቴን አሞኝ ነው» አለ በቀስታ።

ቀበጥ ጆሮውን አቁሞ ጉምባራን አየ። ገመዱን ከታልማ እጅ መንጭቆ ቀረበ፤ አሸተተ፤ በትከሻውም ገፋ አደረገው። ቀጥሎ፣ ማንም ትንፋሹን ሳይመልስ፣ ሰማያዊውን ድንጋይ በጥርሱ ነቀለና ጭራውን ሰቅሎ ፈረጠጠ!

ራቅ ብሎ ቆመ። ወደ ታልማ አየ። *ነይ ያዢኝ።*

የጉሙ ክንድ ወደ እሱ መዘርጋት ጀመረ። የታልማ አካል ሁሉ ሩጪ፣ ጩኺ አላት። ሸሬና በፈረሱ አፍ ውስጥ ነበረች። ታልማ ግን ለፈረሱም ለጉምባራም ጀርባዋን ሰጥታ ወደ አገሯ ተራመደች።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ማጅራቷ ላይ ብርድ ወረደ።

«ኧረ ዙሪ! አንቺ ልጅ!» ሲል ጮኸ አባ መብረቅ። ስድስት። ሰባት። በዘጠኝ የኮቴ ድምፅ ሰማች። አሥር ስትል እርጥብ፣ ከበረዶ የባሰ ቀዝቃዛ ነገር ትከሻዋን ነካት።

ከኋላዋ የአባ መብረቅ ፈረስ፣ መብረቅ፣ ያልተንበረከከውን ቀበጥ አይቶ ከጉልበቱ ተነሣ። ሌሎቹም ተነሡ። ተንበርካኪ ያጣ ጉምባራ ተራ ጉም ነበር፤ ፀሐይዋ ስትጠና በነነ።

ታልማ ድንጋዩን በነጠላዋ ስትቀበል የቀበጥን አፍ አየች። ቅዝቃዜው ከንፈሩንና ምላሱን እስከ መንጋጋው አቃጥሎታል። ሌላ ፈረስ በሁለት ቢበዛ በሦስት ይጥለው ነበር። እሱ አሥር ድረስ የያዘው እሷ እንዲህ ስላስለመደችው ነው።

«ልጓም ከእንግዲህ አይገባለትም» አለ ዶርኔ። ታልማ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች። አባ መብረቅ የመብረቅን ገመድ እንደያዘ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ፦ «እመ ቀበጥ።»

የኤላም ምንጭ እንደገና ተናገረ። ውሃው በአምስተኛው ቀን ሸሬና ደረሰ።

ንጉሥ ኢልማርም በምንጩ አደባባይ እንዲህ አለ፦ «ሕጋችን ጥንታዊ ነው፤ ልጓም የማይገባለት ፈረስ በፈረሰኞች መዝገብ አይጻፍም፤ ጌታውም እንዲሁ። ስለዚህ ከአርባዎቹ ፈረሶች የወደድሽውን ምረጪ፤ በስሙም ትከብሪያለሽ።»

«ጌታዬ ሆይ፣ ለውሃው ደስ ብሎኛል። መዝገቡ ይቅርብኝ። ሌላ ስም አልወስድም።»

ንጉሡ ሊመልስ አፉን ሲከፍት ቀበጥ በቆሰለ ከንፈሩ ዳር ንጉሡ በእጁ የያዘውን የዝንብ ጭራ ነጠቀና ሦስት እርምጃ ራቀ። ጠባቂው አለንጋውን አነሣ። ንጉሡ በእጁ አስቆመው።

«ምን ይደረግ?»

«ጀርባዎን ይስጡትና ይቁጠሩ፣ ጌታዬ።»

የዘንበራ ንጉሥ ለማንም ጀርባውን ሰጥቶ አያውቅም። ኢልማር ካባውን ሰብስቦ በዝግታ ዞረ። መኳንንቱም ንጉሡ ያደረገውን ማድረግ ግዴታቸው ነውና አንድ ላይ ዞሩ። ጠባቂው አለንጋውን የት እንደሚያደርገው ግራ ገብቶት መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ስንት ልቁጠር?» አለ ንጉሡ ሳይዞር።

«እሱ እስኪመጣ፣ ጌታዬ።»

ንጉሡም መቁጠር ጀመረ።