የአያቷ ክፍል ቬንትሌተር

«ፖላሽ፣ ደግፈህ ያዘው እንጂ፤ እጄ ሊገነጠል ነው።»

«ይዣለሁ ባክሽ። ራሴ ላይ ከጣልሽው ግን ኢንጂነር መባሉ ይቀርብሻል።»

ጁሙር መሰላሉ ላይ ቆማ ከሶሌታው የወጣውን የብረት ሜንጦ በአንድ እጇ ጨብጣለች። ታላቅ ወንድሟ ፖላሽ ከሥር ሆኖ የቬንትሌተሩን ሞተር በሁለት እጁ ተሸክሟል፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። የራጅሻሂ ከተማ ሙቀት መቼስ በዚህ ወር የሚቻል አይደለም። ማንጎው ዛፉ ላይ እያለ የሚበስልበት፣ ሰው ደግሞ ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚበስልበት ወር ነው።

ክፍሉ የአያታቸው የሮኬያ ነው። አያት ሮኬያ በቀደም ሙቀቱ ራሳቸውን አስቷቸው ጓሮ ከወደቁ ወዲህ የቤቱ ሰው ሁሉ ሐሳብ ገብቶታል። አሮጌው ቬንትሌተር ወዳለበት የማዶ ክፍል ይዛወሩ ዘንድ ቢለመኑ ቢለመኑ «ባሌ በእጁ የሠራልኝን አልጋ ጥዬ የትም አልሄድም፤ አልጋው ደግሞ በዚያ በር አይገባም» ብለው እምቢ አሉ። የጁሙር አባት ሞታሌብ ሲቸግረው ከአንድ ጥገና ቤት ሞተሩ እንደገና የተጠቀለለ ቬንትሌተር ይዞ መጣ። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሊጠራ ሲነሳ ጁሙር በሩ ላይ ቆመችበት።

«እኔ እሰቅለዋለሁ፣ አባዬ።»

ሞታሌብ ልጁን ከእግር እስከ ራሷ አያት። ጁሙር በመጪው ዓመት በትምህርት ቤቷ የሚጀመረው የኤሌክትሪክ ሙያ ክፍል መግባት ትፈልጋለች፤ እሱ ደግሞ ሴት ልጁ መሰላል ላይ ስትንጠላጠል አይታየውም። ለወራት የተጨቃጨቁበት ነገር ነው።

«እሺ» አላት በመጨረሻ። «ራስሽ ሰቅለሽ፣ አያትሽ ንፋስ ካገኘች ነገ ጠዋት ሄጄ አስመዘግብሻለሁ። ካልሆነ ግን የሂሳብ መዝገብ አያያዝ ትማሪያለሽ፤ ሁለተኛም አትነዘንዢኝም።»

ይኸው አሁን መሰላሉ ላይ ናት። ብሬከሩን አጥፍታለች፤ ሽቦው ኃይል እንደሌለው በቴስተር ነክታ አይታለች። ሞተሩን ሜንጦው ላይ ሰቀለች፣ ብሎኑን በፒንሳ አጠበቀች። ከዚያ ሽቦው ላይ ስትደርስ ቆም አለች። መጽሐፏ ላይ ከሞተሩ የሚወጡት ሦስቱ ሽቦዎች ሦስት ዓይነት ቀለም አላቸው። የዚህኛው አንዱ ጥቁር፣ ሁለቱ ግን ነጭ ናቸው። ከነጮቹ አንዱ ሞተሩን በሚያስነሳው ካፓሲተር በኩል ነው የሚያልፈው፤ የትኛው?

ሽቦዎቹን የሚለይላት መለኪያ መሣሪያ ከመምህሯ መዋስ ትችል ነበር። ግን ፖላሽ ከሥር ያቃስታል፣ አባቷ በር ላይ ቆሞ ያያል።

«ምን ሆንሽ? ጠፋሽ እንዴ?» አለ ፖላሽ።

«ምን ይጠፋኛል» አለችና አንደኛውን ነጭ መርጣ ከካፓሲተሩ ጋር አሰረችው። በናስትሮ ጠቀለለችው። ክንፎቹን ገጠመች።

ብሬከሩ ሲበራ ቬንትሌተሩ አጉረመረመ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያም ዞረ። ፖላሽ አፏጨ። እናቷ የፈነዳ ሩዝ በሽንኩርትና በሰናፍጭ ዘይት አሽታ አቀረበች። ጎረቤታቸው እትዬ ሞይና ሳይጠሩ መጡና አልጋው ጫፍ ላይ ተደላድለው «እሰይ፣ አጥንቴ ድረስ ገባ» አሉ። አያት ሮኬያማ ሻሻቸውን ሳብ አድርገው «አልሃምዱሊላህ፣ እንዲያውም በረደኝ» ብለው አረፉት።

ሞታሌብ የልጁን ራስ ዳበስ አደረገ። «ቃሌ ቃል ነው» አላት። «ነገ ጠዋት እንሄዳለን።» ከዚያ ለሶላት ወጣ። ፖላሽም ኳሱን ይዞ ተከተለው፤ እናቷ ወደ ወጥ ቤት፣ እትዬ ሞይናም ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ጁሙር ደስታዋን ለብቻዋ ልታጣጥም አያቷ ጎን ጋደም አለች። ጀርባዋ በላብ አልጋው ላይ ተጣበቀ። «ደክሞኝ ይሆናል» አለች በልቧ።

ወዲያው መብራት ሄደ። በዚህ ወር መብራት መሄዱ ለማንም ወሬ አይሆንም። ክንፎቹ ቀስ እያሉ፣ አንድ በአንድ እየታዩ መጡ። በተከፈተው በር በኩል የማዶው ክፍል አሮጌ ቬንትሌተርም እንዲሁ ቀስ እያለ ነበር። አሮጌው ወደ ግራ ይዞራል። የእሷ ወደ ቀኝ።

ጁሙር ብድግ ብላ ተቀመጠች። አንዴ ያንን፣ አንዴ ይሄንን አየች። ሁለቱም እስኪቆሙ ዓይኗን አልነቀለችም። ነጮቹን ሽቦዎች አቀያይራቸው ኖሯል። በግልባጭ እየዞረ ንፋሱን ወደ ታች በመግፋት ፈንታ ወደ ላይ ሲስብ ነው የዋለው።

«አየሽው?» አሉ አያት ሮኬያ ዓይናቸውን ጨፍነው።

«አያቴ... ያውቁ ነበር?»

«ሶሌታው ሲቀዘቅዝ እኔ ስቀቀል እንዴት አላውቅም፣ የኔ ዓለም?»

«በረደኝ አላሉም?»

«አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? አባትሽ አፌን እያየ።»

«እትዬ ሞይናስ? አጥንቴ ድረስ ገባ ያሉት?»

አያት ሮኬያ ሆዳቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «የሞይናን አጥንት ለማግኘት አውሎ ነፋስም አይበቃ። እናትሽ ናት ከኋላ የቆነጠጠቻት። ሁላችንም አውቀናል፤ አባትሽን እንጃ እንጂ። እሱ በር ላይ ነበር፣ በር ላይ መቼም ትንሽ ይነፍሳል።»

ጁሙር ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። እንዲህ ወደዋት ሲዋሹላት መሳቅ አማራት፤ ማልቀስም አማራት።

«ስሚኝ» አሉ አያት ሮኬያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማስተካከሉ ከባድ ነው?»

«ሁለቱን ሽቦ ማቀያየር ብቻ ነው። ሻይ እስኪፈላ ያልቃል።»

«እንግዲያው ነገ ተመዝግበሽ ነይና በኋላ ቀስ ብለሽ ታቀያይሪዋለሽ። እኔ አንድ ሌሊት ባልብ አልሟሟ። ማን ያያል?»

እውነታቸውን ነው፤ ማንም አያይም። ጁሙር አያቷን አየች። ግንባራቸው ላይ ላቡ ችፍ ብሏል፤ ከሻሻቸው ሥር ያመለጠ ሽበታቸው ጉንጫቸው ላይ ተለጥፏል። በቀደም ጓሮ ወድቀው ሲገኙም ፀጉራቸው እንዲሁ ተለጥፎ ነበር።

የውጭው በር ተንጓጓ። አባቷ ከመስጊድ ተመለሰ፤ በእጁ የማንጎ ከረጢት ይዟል። «መብራቱ ሄደ አይደል?» አለ። «ይመጣል። ንፋሱን ለመድሽው፣ እማዬ?»

አያት ሮኬያ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ጁሙር እጃቸውን ያዝ አደረገችው።

«አባዬ፣ በግልባጭ ነው የሚዞረው» አለች። «ከሁለቱ ሽቦዎች የትኛው እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። ገምቼ አሰርኩት።»

ሞታሌብ ወደ ላይ አየ። «ግን እናቴ በረደኝ ብላለች።»

«ለእኔ ብለው ነው።»

እናቷ ድምፁን ሰምታ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ በሩ መቃን ላይ ተደገፈች። አያት ሮኬያ «እቺን ደረቅ» ብለው አጉተመተሙና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ እጇን ግን አልለቀቁትም።

«ከተመዘገብሽ በኋላም ልትነግሪኝ ትችዪ ነበር» አለ አባቷ። «ነገ ከሰዓትም ቢሆን።»

«ዛሬ ማታ ግን አያቴ እዚህ ነው የሚተኙት» አለች ጁሙር።

እጇን ቀስ ብላ ከአያቷ እጅ አላቀቀች። መብራት ሳይታሰብ ሊመጣ ስለሚችል መጀመሪያ ኮሪደሩ ድረስ ሄዳ ብሬከሩን አጠፋች። ከዚያ መሰላሉን ጎትታ አመጣችና ከቬንትሌተሩ ሥር አቆመችው። ካቻቢቴዋን በጥርሷ ነክሳ መውጣት ስትጀምር መሰላሉ ወለሉ ላይ ትንሽ ተወዛወዘ።

ሞታሌብ የማንጎውን ከረጢት መሬት አስቀመጠ። መጣና የመሰላሉን ሁለት እግሮች በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ ያዘ።