ስም ያልተገኘላት ጽጌረዳ

ብታምኑኝም ባታምኑኝም፣ ለመከራከር አቅም የለኝም። ደክሞኛል። ግን በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ የያዝኩት ነው።

እሁድ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። የእናቴ ጓሮ ውስጥ።

የምሠራው ችግኝ ማፍያ ውስጥ ነው። የጽጌረዳ ቅርንጫፍ እየቆረጥኩ አፈር ውስጥ ስተክል እውላለሁ። ሥር መስደዱን ለማወቅ ቀስ አድርገን ወደ ላይ ሳብ እናደርገዋለን። ካልሰደደ ነቀል ብሎ ይመጣል። ከሰደደ ግን... እጅን መልሶ ይስባል።

ቤት ስገባ ደግሞ እናቴን አስታምማለሁ። ወገቤ የእኔ አይመስለኝም።

በመጨረሻ እህቴ እሷ ዘንድ ልትወስዳት ተስማማች። እፎይ ልል ነው!

እማዬ ግን «ጽጌረዳዬን ትቼ የትም አልሄድም» አለች።

አያቴ የተከለቻት አሮጌ ጽጌረዳ ናት። አንድ ዓመት ነጭ ታብባለች፣ በሌላው ቀይ። ምን ዓይነት እንደሆነች የሚያውቅ የለም።

«ቆርጬ እዚያ እተክልልሻለሁ» ብዬ አባበልኳት።

የቆረጥኩትን ለአለቃዬ አሳየሁት። ሽማግሌው የማያውቁት ጽጌረዳ የለም። አሸተቱት... ዳበሱት... ከዚያ ቶሎ ብለው አስቀመጡት።

«ምን ዓይነት ናት ጋሼ?»

«እኔ እንጃ...»

«ምነው?»

«ይሞቃል» አሉ በሹክሹክታ። «ወደነበረበት መልሺው ልጄ።»

ፀሐይ መትቶት ነው ብዬ ተውኩት። የደከመ ሰው ስንቱን ያስባል?

ከዚያን ቀን ጀምሮ እማዬ ጽጌረዳዋ ሥር ወንበር ላይ መዋል ጀመረች። ምግብ እምቢ አለች። ውሃ ብቻ።

«ስጪኝ አላልኩሽም... እግሬ ላይ አፍስሺልኝ።»

ሙቀቱ ነው ብዬ አፈሰስኩላት።

እሁድ እህቴ መጣች። መኪናዋን በር ላይ አቁማ ጡሩምባ ትነፋለች።

«እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ» አልኳት።

«እዚሁ ተመችቶኛል።»

«ልጅሽ እየጠበቀችሽ ነው እኮ...»

ብርድ ልብሷን እግሯ ላይ ደረበች።

ብብቷን ይዤ ቀስ አድርጌ ወደ ላይ ሳብኳት። እናቴ አጥንቷ ብቻ ነው የቀረው፤ እንደ ሕፃን ነበር የማነሳት።

አልተነሳችም።

እንደገና ሳብኳት...

መልሳ ሳበችኝ።

ያንን አያያዝ እጄ ያውቀዋል። ስንት ዓመት የሠራሁበት ነው።

እግሯን የሸፈነውን ብርድ ልብስ ልገልጥ ጎንበስ አልኩ። ግን አልደፈርኩም።

«ቀስ...» አለችኝ ዓይኗን ሳትገልጥ። «እንዳትበጥሺኝ።»

ጡሩምባው እንደገና ጮኸ።

የውሃውን ጆግ አነሳሁና እግሯ ሥር አፈሰስኩ። አፈሩ ወዲያው ጠጣው።